ባሕሩ እዚህ ነው፤ ጀልባውስ የት አለ?

ባለፈው ወር በተማሪዎች ማኅበራችን የክርክር ምሽት አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ ስለ ኢትዮጵያ የባሕር ኃይል ብርቱ ንግግር አደረገ። ኢትዮጵያ ነገ የባሕር በር ስታገኝ ጠረፏን የሚጠብቁ ቃኚ መርከቦች ያስፈልጓታል፤ እነዚህም መርከቦች እንደ ጥንቱ ጥቁር ጭስ የሚተፉ ሳይሆኑ እንደ ኖርዌይና እንደ ፊንላንድ ጠረፍ ጠባቂዎች በንጹሕ ነዳጅ የሚሄዱ መሆን አለባቸው አለ። ነዳጁን ከየት እናመጣዋለን ለሚለው ጥያቄም «የኦጋዴን ጋዝ ምን ሊሆን ነው?» ሲል መለሰ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ ነበርሁ።

ወደ መኝታዬ ከገባሁ በኋላ ግን አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ነሣኝ። ይህ ሁሉ ንግግር የተደረገው በጂንካ ነው። ጂንካን አቋርጦ የሚወርደው የኔሪ ወንዝ ወደ ማጎ ይገባል፤ ማጎ ከኦሞ ይቀላቀላል፤ ኦሞም ሄዶ ሄዶ ቱርካና ሐይቅ ላይ ያርፋል። ሰው ከነከብቱ በውኃ የሚወሰድበት፣ ዓሣ አጥማጅ ወጥቶ የሚቀርበት፣ ታንኳ እንጂ ሌላ መሻገሪያ የማይገኝበት ስፍራ ከእኛ የአንድ ቀን መንገድ ነው። በዚያ ምሽት ስለ ቀይ ባሕር ሁለት ሰዓት ሙሉ ስንከራከር ከደጃችን የሚወርደው ውኃ ስለሚደርስበት አገር ቃል የተነፈሰ ሰው አልነበረም። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ስለ ነበርሁ ይህ ጽሑፍ ለጓደኛዬ መልስ፣ ለራሴም ወቀሳ ይሁንልኝ።

በቅድሚያ ለጓደኛዬ የሚገባውን ልስጥ። የተናገረው ሁሉ ከንቱ አይደለም። ኢትዮጵያ የባሕር ኃይል የነበራት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1955 የተቋቋመው የባሕር ኃይላችን ምጽዋን ሰፈሩ አድርጎ፣ በኖርዌይ መኮንኖች እየተረዳና እየሠለጠነ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የተገኘችው ትልቋ መርከብም «ኢትዮጵያ» ተብላ ተሰየመች። ያ ሁሉ በጦርነትና በመለያየት አለፈና እ.ኤ.አ. በ1996 የባሕር ኃይሉ ፈረሰ። በ2010 ዓ.ም. እንደገና እንደሚቋቋም ተነገረ፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈረመ፤ ወደብ ግን እስከ ዛሬ የለውም። የባሕር በር ጥያቄ የአገር ጥያቄ ነው፤ እኔም አላቃልለውም። ዳሩ ግን ወደቡ በሌለበት የመርከቡን ነዳጅ መምረጥ አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ዓይነት ነገር ነው። ሰማዩን ማየት አልተከለከለም፤ የሚያሳፍረው ሰማይ ሰማይ ሲያዩ በምድር የታሰረችውን ላም ሳያልቡ መዋል ነው።

አሁን ወደ ንጹሑ ነዳጅ እንሂድ። ያ ባሕረኞቻችንን ያሠለጠነው የኖርዌይ አገር ከ2009 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ባሉት ጊዜያት «ባሬንትስሃቭ» በምትባለው መርከብ ስም የሚጠሩ ሦስት የጠረፍ ጥበቃ መርከቦች ሠርቶ ወደ ባሕር አወረደ። ዋና ነዳጃቸው ፈሳሽ የተደረገ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ፊንላንድም እ.ኤ.አ. በ2014 «ቱርቫ» የምትባል፣ ሲያስፈልግ በጋዝ ሲያስፈልግ በናፍጣ የምትሄድ መርከብ ለድንበር ጠባቂዎቿ አስረከበች። ከዚህ ሥራ የተገኘው ጥቅም እውነተኛ ነው። ጋዝ ሲነድ ድኝ የለውም ማለት ይቻላል፤ ጥላሸቱም እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚወጣው የካርቦን ጋዝም ከናፍጣው ያንሳል። የዓለም የባሕር ድርጅት ከ2020 መጀመሪያ አንሥቶ በመርከብ ነዳጅ ውስጥ ያለው ድኝ ከመቶ ግማሽ እንዳይበልጥ ስለ ደነገገ ይህ ጥቅም ለባለ መርከቦች ትልቅ ነገር ሆኗል።

ነገር ግን ጓደኛዬ ያልነገረን አንድ ነገር አለ። የተፈጥሮ ጋዝ ከሞላ ጎደል ሚቴን ነው። ሚቴን በሞተሩ ውስጥ ሳይነድ ሾልኮ ወደ አየር ከወጣ፣ በመቶ ዓመት ሒሳብ ሲታሰብ፣ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ይበረታል። እንግዲህ ጥቂቱ ከሾለከ በጭሱ የተገኘው ትርፍ በሽታው በማይታይ ኪሳራ ይበላል። ደግሞም ጋዙ ፈሳሽ ሆኖ እንዲቀመጥ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት። ለዚህ የሚሆን ማቀዝቀዣ፣ ታንከርና መቅጃ ጣቢያ ያለው ወደብ ይፈልጋል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የጋዝ ፋብሪካ ተመርቋል፤ ለአገራችን መልካም ነው። ነገር ግን ያንን ጋዝ በበረሃ አጓጉዞ ለሌለ መርከብ በሌለ ወደብ መቅዳት የምህንድስና ሐሳብ አይባልም፤ የአዳራሽ ሐሳብ ነው። ለትንሽ ውኃና ለትንሽ ጀልባ ሲሆንማ ጋዝ ከናፍጣ «ከእጅ አይሻል ዶማ» ነው።

ከኖርዌይ መማር የምንፈልግ ከሆነ ትክክለኛውን ትምህርት እንማር። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2015 «አምፔር» የምትባል፣ 120 ያህል መኪና የምትጭን፣ በባትሪ ብቻ የምትሄድ የማሻገሪያ መርከብ ሥራ አስጀመረች። ባትሪዋ የሚሞላው ከየብስ በሚመጣ ኤሌክትሪክ ነው፤ የኖርዌይ ኤሌክትሪክ ደግሞ አብዛኛው ከውኃ ግድብ የሚመነጭ ነው። ልብ አድርጉ! ኖርዌይ ዘይት ከባሕር እየቀዳች ለዓለም የምትሸጥ አገር ናት። ነዳጅ ሞልቶ የተረፋት አገር ጀልባዋን በውኃ ኤሌክትሪክ ስታስኬድ፣ ቤንዚንና ናፍጣዋን በቢሊዮን በሚቆጠር ዶላር ከውጭ የምትገዛው፣ ከጅቡቲ በመኪና የምታስጭነው ኢትዮጵያ፣ በውኃ ኃይል የምትመካው ኢትዮጵያ፣ ጀልባዋን በጄሪካን ቤንዚን ታስኬዳለች። መንግሥታችን ራሱ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ታዲያ ለመኪናው የተፈረደው ፍርድ ለጀልባው ለምን ተረሳ?

እስቲ አሁን ወደዚያው ውኃ እንውረድ። ኦሞ ከምዕራብና ከደቡብ ኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ወርዶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ ቱርካና ይገባል። ሐይቁ ከሚያገኘው ወራጅ ውኃ 90 ከመቶ ያህሉ የኦሞ ነው። ስፋቱ ከ6,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አብዛኛው በኬንያ ሲሆን ሰሜናዊው ጫፍ ከዳሰነች ምድር ይደርሳል። ነፋሱ ብርቱ ነው፤ ማዕበሉ ትንንሽ ጀልባዎችን ይገለብጣል። ወንዙም አዞ የሞላበት ነው። በዚህ ወንዝ ላይ የዳሰነች፣ የካራና የኛንጋቶም ሰው ዛሬም ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ይሻገራል። «ባሕር የለንም» የሚል ሰው አንድ ቀን ከኦሞራቴ በታች ይውረድና ውኃው ከአድማስ ጋር ሲገናኝ ይመልከት።

ይህ ውኃ ሰው ይበላል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሌሊት ሞልቶ ወጥቶ በታችኛው ሸለቆ መንደሮችን ከበበ። በዚያ ጎርፍ 364 ሰዎች እንደ ሞቱ ተነግሯል፤ ከብቱ በሺህ ይቆጠራል። ሰዉ በየጉብታው ላይ ተከብቦ ሲጠብቅ ጀልባውና ሄሊኮፕተሩ የመጣው ከሩቅ ነው። የመጡት ሰዎች ብዙ ነፍስ አድነዋል፤ ይመስገኑ። ነገር ግን ጀልባ በስፍራው ቢኖር ኖሮ በመጀመሪያዋ ሌሊት የሚድነውን ሰው ማን ይቈጥረዋል? እኔ ያን ጊዜ ጡት ያልጣልሁ ሕፃን ነበርሁ። ቤታችን ውስጥ ግን ያ ዓመት እስከ ዛሬ ድረስ «የውኃው ዓመት» እየተባለ ይጠራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በተፋሰሱ ከዘነበው ብዙ ዝናብ የተነሣ ቱርካና ራሱ እየሞላ ወደ ላይ መጥቷል። ኦሞ ከላይ፣ ሐይቁ ከታች እየገፉ በዳሰነች ወረዳ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው አፈናቅለዋል። ግጦሹ ውኃ ሆኗል፤ መንደሩ ደሴት ሆኗል።

የምናገረው በወሬ ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ለክረምት እረፍት አጎቴ ዘንድ ኦሞራቴ ሄጄ ነበር። ውኃው ጨመረ። ከወንዙ ማዶ ከፍ ባለች መሬት ላይ ጥቂት ቤተሰቦች ከነፍየሎቻቸው ተከበው እንደ ቀሩ ሰማን። እኔና ሁለት ጓደኞቼ እርዳታ ልንጠይቅ ሄድን። ስሙን በማልጠራው በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከግራር ጥላ ሥር፣ በድንጋይ ላይ የተቀመጠ ነጭ ጀልባ አገኘን። ሞተሩ አለ። መቅዘፊያው አለ። የተንሳፋፊ ሰደርያው ሳይቀር በላስቲክ እንደ ተጠቀለለ አለ። ጠባቂው ሸምገል ያሉ፣ ቅን ሰው ነበሩ።

«ጋሼ፣ ጀልባው ተበላሽቷል እንዴ?» አልኋቸው።

«ምንም አልሆነ ልጄ፤ ቤንዚን ነው የሌለው» አሉኝ።

«ለእንዲህ ያለ ቀን የተቀመጠ የለም?»

«ነበረ። ሰዎች ለጉብኝት እየመጡ፣ ወዲያና ወዲህ ሲያመላልስ አለቀ።»

ቤንዚን ፍለጋ ወጣን። ማደያው ባዶ ነበር። በጄሪካን የሚሸጥ ሰው ከተገኘ በኋላ የጠየቀው ዋጋ እኛ ሦስታችን ካለን ገንዘብ በላይ ሆነ። አጎቴና ጎረቤቶቹ አዋጥተው እስኪገዛ፣ ፈቃድ እስኪገኝ፣ ሞተሩን የሚነዳ ሰው እስኪጠራ ሁለተኛው ቀን መሸ። በዚህ መካከል ሰዎቹን ያወጧቸው የዳሰነች ወጣቶች ናቸው፤ በግንድ ታንኳ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሁለት ሰው እየጫኑ፣ አዞ ባለበት ደፍራሽ ውኃ ላይ እየቀዘፉ። ሰዎቹ ተረፉ፤ ፍየሎቹ ግን ቀሩ። ሕፃን የታቀፈች አንዲት እናት ከታንኳው ስትወርድ እግሯ አልታዘዝ ብሏት እደለሉ ላይ ተቀመጠች። ነጩ ጀልባ በማግሥቱ ረፋድ ላይ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ውኃ ላይ ወረደ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን ታሪክ በደንብ እንመርምረው። የጎደለው ጀልባ አልነበረም፤ ሞተርም አልነበረም፤ ሰውም አልነበረም። የጎደለው ነዳጅ ነው። ነዳጁም የጎደለው ለአዘቦት ቀን ጉዞ ስላለቀ ነው። ስለዚህ «ንጹሕ ነዳጅ የሀብታም ቅንጦት ነው» የሚሉኝ ሰዎች ነገሩን ገልብጠው ይዘውታል እላለሁ። በኦሞራቴ ቅንጦቱ ቤንዚን ነው። ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ከአዲስ አበባ፣ ከዚያም በላይ ከወደቡ ተጭኖ የሚመጣ፣ ሲጠፋ የሚጠፋ፣ ሲገኝም በጄሪካን የሚቸረቸር ነገር እርሱ ነው። ፀሐይዋ ግን በየማለዳው በነፃ ትወጣለች።

በቁጥር እንየው፤ የምህንድስና ተማሪ ነኝና ይህን ማድረግ ግዴታዬ ነው። በታችኛው ኦሞ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት አያንስም። በወንዙ ዳር 40 ካሬ ሜትር የሶላር ሰሌዳ የለበሰ አንድ ዳስ እንሥራ እንበል። ሰሌዳው ከሚያርፍበት ኃይል አንድ አምስተኛውን ወደ ኤሌክትሪክ ቢለውጥ በቀን 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። በሙቀት፣ በአቧራና በሽቦ የሚባክነውን ሌላ አንድ አምስተኛ ብንቀንስ 32 ይቀረናል። ስድስት ሰባት ሰው የጫነች ትንሽ ጀልባ በዝግታ ስትሄድ 4 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ብትወስድ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ትቀዝፋለች ማለት ነው። ይህን ኃይል የሚይዘው ባትሪ ክብደቱ ከአራት ጎልማሶች ክብደት ብዙም አይበልጥም። ጭስ የለም፤ ጩኸት የለም። ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ የሚጠጣው አሮጌው የጀልባ ሞተር ከነዳጁ እስከ አንድ አራተኛ ድረስ ሳያቃጥል ወደ ውኃው ይተፋዋል። ይህ ሕዝብ ደግሞ ያንኑ ውኃ ይጠጣዋል፤ ዓሣውንም ከዚያው ይበላል።

እዚህ ላይ መምህሮቻችን የሚያነሡትን ተቃውሞ ከወዲሁ ልመልስ። «ባትሪ በጎርፍ ጊዜ ኦሞን ሽቅብ አይወጣም፤ ሽፍታም አባርሮ አይዝም» ይሉኛል። እውነት ነው። ኃይለኛ ውኃ ላይ ፈጥኖ ለመሄድ ከ4 ኪሎ ዋት ብዙ እጥፍ ያስፈልጋል፤ ባትሪውም በደቂቃዎች ያልቃል። ስለዚህ እኔ የነዳጁ ሞተር ይጣል አላልሁም። እንዲያውም ለዚያ ቀን እንዲተርፍ ነው የምለው! የአዘቦቱ ቅኝት፣ የጎብኚው መሻገር፣ የክትባት ሠራተኛው ጉዞ፣ የዓሣ አጥማጁ ፍለጋ በባትሪ ይሁን፤ ቤንዚኑ ደግሞ ታሽጎ፣ ተቆልፎበት፣ በመዝገብ ተይዞ ለጎርፍ ሌሊት ይቀመጥ። «ቱርቫ» ሁለት ዓይነት ነዳጅ የያዘችው በሁለቱ ተማምና ነው። ከሰሜን ባሕር መርከቦች ለኦሞ የምንወስደው ትምህርት ይህ ነው፤ ጋዙን ሳይሆን ብልሃቱን። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ከዚህ የበለጠ ከባድ ጥያቄ ግን አለ፤ እርሱንም ሳንሸሽ እናንሣው። «ንጹሕ» የምንለው ነገር ለማን ነው ንጹሕ? ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ቁመቱ 243 ሜትር ነው። ጭስ አይወጣውም፤ ንጹሕ ነው። ነገር ግን ከግድቡ በፊት ኦሞ በየዓመቱ ሞልቶ ሲመለስ ጥሎት በሚሄደው ደለል ላይ ቦዲው፣ ሙርሲው፣ ካራው፣ ኛንጋቶሙና ዳሰነቹ ማሽላ ይዘራ ነበር። ያ የታወቀ ዓመታዊ ሙላት በግድቡ ቀረ። ቀድሞ እርሻ ይዞ የሚመጣው ውኃ ቀርቶ ዛሬ የሚመጣው ቤት ይዞ የሚሄደው ውኃ ሆነ። በጥር 2003 ዓ.ም. እዚሁ ጂንካ ላይ በአርብቶ አደሮች ቀን በዓል ትልቅ ልማት እንደሚመጣ የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ተናግረው ነበር፤ ከዚያም የኩራዝ ስኳር መሬት ተከለለ። ከኦሞ ውኃ የሚመነጨውን ጨምሮ የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሄድ መስመር ለኬንያ ይሸጣል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት አለው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባል ነበር፤ የኦሞን ልጅ ደግሞ ኦሞ በሰጠው መብራት መካከል ጨለማ እንዳይውጠው እሰጋለሁ።

እኔ ግድቡን አላወግዝም። በዚያው ግድብ መብራት አንብቤ ነው እዚህ የደረስሁት። ነገር ግን ዕዳ ዕዳ ነው። ይህ ወንዝ ለአገር ሁሉ ብርሃን ከሰጠ አገር ለወንዙ ሰዎች ጥቂት ባትሪ መስጠት ሊከብዳት አይገባም። ከሺህ ሜጋ ዋት ውስጥ ለአንድ የጀልባ ጣቢያ የሚያስፈልገው ኃይል ከባሕር በጭልፋ እንደ መቅዳት ነው። ይህንም ምጽዋት ብለን አንጥራው፤ የዕዳ ክፍያ ነው።

ሌላ ተቃውሞ ደግሞ ከወዲያ ማዶ ይመጣል፤ እርሱ የሚነሣው ከራሱ ከወንዙ ሕዝብ ነው። «ቃኚ ጀልባ ስትሉ የምትልኩብን ሌላ መለዮ ለባሽ አይደለምን?» ይላሉ። ይህን ፍርሃት የምትንቁ ጓደኞቼ አትናቁት። ሰዉ የመንግሥትን መለዮ ብዙ ጊዜ ያየው መሬት ሲለካ ነው እንጂ ሰው ሲድን አይደለም። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በሐይቁ ሰሜናዊ ጫፍ በድንበሩ አካባቢ በዳሰነችና በቱርካና መካከል በተነሣው ግጭት ከሁለቱም ወገን ሰው አልቋል፤ ከሟቾቹና ከደብዛ ጠፊዎቹ ብዙዎቹ ዓሣ ሊያጠምዱ የወጡ ድኾች ነበሩ። እንዲህ ባለ ስፍራ ጠመንጃ የጫነ ጀልባ ብቻውን ቢላክ እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ይሆናል። ስለዚህ ጀልባው በመጀመሪያ የሕይወት አድን ጀልባ ይሁን። የጠፋውን ይፈልግ፣ የታመመውን ያሻግር፣ የተከበበውን ያውጣ። ቅኝቱም ከኬንያ ወገን ጋር በስምምነት፣ በሁለቱም ሕዝብ ሽማግሌዎች እውቀት ይሁን። ሕዝብ ያመነው ጠባቂ ያለ ጥይት ብዙ ይጠብቃል።

«ማን ይሠራዋል?» የሚለው ይቀራል። ባለሙያ የለንም የሚል ሰው ካለ አገሩን አያውቅም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመርከብ መሐንዲሶች ይሠለጥናሉ፤ ልጆቻችን በባዕድ አገር ባንዲራ ሥር በውቅያኖስ ላይ የመርከብ ሞተር ይጠብቃሉ። በዓለም ባሕር ላይ የሚታመን እጅ በኦሞ ላይ የማይታመንበት ምክንያት ምንድር ነው? የአገር ውስጥ የውኃ ትራንስፖርትን የሚቈጣጠር የማሪታይም ባለሥልጣን አለን። ውኃውን እንደ መዳፋቸው የሚያውቁ፣ ማዕበሉን ከነፋሱ ሽታ የሚለዩ የዳሰነች፣ የካራና የኛንጋቶም ወጣቶች አሉን። በዚያ ነሐሴ ያየኋቸው ቀዛፊዎች ደመወዝም ሰደርያም አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ከዚያ ሁሉ መሥሪያ ቤት ይልቅ የጠረፍ ጠባቂ ሥራ የሠሩት እነርሱ ናቸው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ በኦሞራቴ አንድ ቋሚ የሕይወት አድንና የቅኝት ጣቢያ ይቋቋም፤ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ሁለት ጀልባዎችና ለክፉ ቀን የታሸገ ነዳጅ ያለው አንድ ኃይለኛ ጀልባ ይኑረው። ሁለተኛ፣ ሠራተኞቹ በመጀመሪያ ከወንዙ ልጆች ይመረጡ፤ ደመወዝ ይቈረጥላቸው፤ ዋናን፣ የመጀመሪያ እርዳታንና የሞተር ጥገናን ይማሩ። ሦስተኛ፣ ግድቡ ውኃ በሚለቅበት ጊዜ ዜናው በሰዓቱ በዚያው ሕዝብ ቋንቋ ለጣቢያው ይድረስ፤ ማስጠንቀቂያ ሳይኖር ጀልባ ብቻውን አያድንምና። አራተኛ፣ የነዳጁ መዝገብ ማንም ሰው እንዲያየው በአደባባይ ይለጠፍ፤ ለጉብኝት የሚቀዳ ሊትር ሁሉ ከአንድ ሰው ነፍስ ላይ የሚቀዳ መሆኑን የሚቀዳው ሰው ይወቅ።

አምስተኛው ጥያቄ የሚቀርበው ለመንግሥት አይደለም፤ ለእኛው ነው። የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ የመመረቂያ ሥራ ርእስ ስትሰጡን በመጻሕፍት ውስጥ ያለውን የሰው አገር ፋብሪካ ከምታስለኩን ይህችን ጀልባ ስጡን። ሞተሯን የኤሌክትሪክ ተማሪ ይሥራ፤ ቅርጿን የመካኒካል ተማሪ ይቀየስ፤ ወጪዋን የኢኮኖሚክስ ተማሪ ያስላ፤ ሰዉ ምን እንደሚፈልግ የሶሲዮሎጂ ተማሪ ሄዶ ይጠይቅ። የመጀመሪያዋ ጀልባ ብትሰምጥ እንኳ ሁለተኛዋን እንሠራለን። የማትሰምጠው በወረቀት ላይ ያለችው ብቻ ናት፤ እርስዋም ሰው አታሻግርም።

ለዚያ ለተናገረው ጓደኛዬም አንድ ቃል አለኝ። ወንድሜ፣ መርከቦችህን አልነጠቅሁህም። አንድ ቀን ኢትዮጵያ የባሕር በር ካገኘች መርከቧን የሚነዳት፣ ባትሪዋን የሚጠግናት፣ በማዕበል ውስጥ ልቡ የማይርድ ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው ከየት ይመጣል? ከአዳራሽ ጭብጨባ አይወለድም። በኦሞ ላይ ትንሽ ጀልባ የነዳ፣ በጎርፍ ሌሊት ሰው ያወጣ፣ ነዳጁን ሳይሰርቅ የጠበቀ ወጣት ነው ነገ በትልቁ ባሕር ላይ የሚታመነው። ከጣቢያችን ያላዳንነውን ሕዝብ ከውቅያኖስ ላይ ሆነን አናድነውም።

ክረምት በየዓመቱ ይመጣል። ኦሞም ይሞላል፤ ፈቃድ አይጠይቅም፤ የበጀት ዓመት አይጠብቅም። ያቺ ሕፃን ታቅፋ እደለሉ ላይ የተቀመጠችው እናት ሦስተኛ ጊዜ ስትከበብ የምንነግራት ቃል ምን ይሆን? «ስለ ቀይ ባሕር ስንከራከር ነበር» እንበላት?

የሚቀጥለው የክርክር ምሽት በወሩ መጨረሻ ነው። ርእሱን እኔ አቅርቤያለሁ፤ ርእሱም የዚህ ጽሑፍ ርእስ ነው። የምትቃወሙ ኑና ተቃወሙ፤ የምትደግፉም ሒሳባችሁን ይዛችሁ ኑ። ጭብጨባውን ግን ጀልባዋ ውኃ ላይ እስክትወርድ እናቈየው።

አንድ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ
ጂንካ